ጋሽ ይልማ መዝሙር ሲያወርዱ

የሚያወርድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የዓለምን ፊልም ሁሉ ካላወረደ የማይነሳውን ማለቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ባለችው ባለ ስድስት ኮምፒውተር ኢንተርኔት ቤቴ ግን የሚያወርዱት ጡረተኛው መምህር ጋሽ ይልማ ናቸው፤ የሚያወርዱትም መዝሙር፣ ከነከበሮው ከነጸናጽሉ። እስቲ መዝሙርን ማን ደፍሮ "ይቁም" ይላል?

ባለፈው ከቁይ የመጣች ልጅ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋን ልትልክ ተቀመጠች። ምዝገባው አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የቀረው ሃያ ደቂቃ ነው። ጋሽ ይልማ ግን መስመሩን በመዝሙር ይዘውት ገጹ ንቅንቅ አልል አለ።

"እትዬ፣ ይሄ ካለፈኝ ዓመት ሙሉ ቤት ልቀመጥ እኮ ነው!" አለች፤ እንባዋ መጣ።

"ጋሽዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ቢያቆሙልኝ?" አልኳቸው።

"መዝሙር እኮ ነው ልጄ!"

በቃ፣ ፊቴን ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሮቹ ወደሚያከፋፍለው ራውተር አዞርኩ። መመሪያውን ራሴ አንብቤ እንደገባኝ ከሆነ ራውተር ወፍጮ ቤት ነው። የእኔው አሥር ጆንያ ይዞ የመጣውን ሳይጨርስ ሌላ አይቀበልም ነበር፤ ደግ ባለወፍጮ ግን ቁና ይዛ የመጣችውን በጆንያዎቹ መሃል ያሳልፋል። "ከየኮምፒውተሩ በየተራ ጥቂት ጥቂት" ብዬ አዘዝኩት። የጋሽ ይልማ ጆንያ ተራውን ጠበቀ፤ የልጅቷ ቁና አለፈ። "ማመልከቻዎ ደርሶናል" የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ ተቃቅፈን ዘለልን። እፎይ!

ጋሽ ይልማ ምንም አልቀረባቸውም፤ መዝሙሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቀና ብለው አዩንና፣ "አየሽ፣ መዝሙሩ ቤትሽን ባረከልሽ!" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ። ራውተሩን ግን ወደ ነበረበት አልመለስኩትም።