የጎረቤቴ አረም

ሰሞኑን የጎረቤቴን አረም ነቀልኩለት፤ ጅል ሽማግሌ አትሉኝም? ጎረቤቴ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ የሙያውን ታሪክ ይጽፋል። «ደህና አደሩ?» ስለው እንኳ «ይህን ሣር መጀመሪያ የሣለው ማን መሰለዎት?» ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

ለሳምንት ሲሄድ አትክልቱን እንዳጠጣለት ቁልፍ ሰጠኝ። የገበሬ ልጅ ነኝና ማጠጣት ብቻውን ለእጄ አልበቃው አለ።

ሲመለስ በረንዳው ላይ ዝርፍጥ አለ።

«ከጥንቱ ሥዕል ጋር ላስተያየው ሁለት ዓመት ያሳደግኩትን ነቀሉት! የመጽሐፌ መጨረሻ እሱ ነበር።»

«አበባውን ግን ትቼልዎታለሁ፣ ዶክተር።»

«አረሙ እሱ ነው!»

ይኸው፣ ከሰፈራችን ከፓርክዴል እስከ ብሉር ጎዳና በየአስፋልቱ ስንጥቅ አጎንብሼ የነቀልኩትን ዓይነት እፈልጋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አንድ እግር አረም ዕዳ አለብኝ።