ከመኪናው የቀደመ በር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በከተማ ከሚሰሙት ድምፆች ሁሉ የሚያስቀናችሁ የቱ ነው? እኔን የሚያስቀናኝ የማታ ክላክስ ነው። የመንገዱን ማለቴ አይደለም፤ የመንገዱ ክላክስ ስድብ ነው፣ አንዳንዴም የእናት ስድብ። እኔ የምላችሁ፣ ሰውየው ከሥራ ውሎ ደጃፉ ሲደርስ የሚያሰማትን አጭር፣ ለስላሳ፣ ባለቤትነት የሞላባትን «ጢጥ» ነው። ሰውየው አይወርድም። መሪውን እንደያዘ፣ ፊቱን በመስታወት እያየ ይጠብቃል። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ሸርተት ሸርተት ይሰማል፤ መወርወሪያው ቀጭ ይላል፤ በሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰውየውም ቀይ ባሕርን እንደሚሻገር ሁሉ እየተንቀባረረ ይገባል። ምን አደረገ? ምንም። «ጢጥ» አለ።

እኔ ወረታ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው፤ ለአንድ ዓመት ተብዬ። ዓመቱ ሳያልቅ ፀጉሬ አለቀ። ሥራዬ ግብርና ቢሮ ተቀምጦ ስለ ሩዝ ሪፖርት መጻፍ ነው፤ ሩዙም ሪፖርቱን ሳያነብ ይበቅላል። ጎረቤቶቼ በስሜ አይጠሩኝም፤ «ባለሙያው» ይሉኛል። የምን ባለሙያ እንደሆንሁ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም ቢጠይቁኝ የምመልሰውን አላዘጋጀሁም። ብቻ ከከተማው ጫፍ፣ የፎገራ ሜዳ ወደ ቁሐር ሚካኤል መዘርጋት ከሚጀምርበት ላይ፣ ቦታ አገኘሁና ቤት ሠራሁ። ቤቱ ትንሽ ነው። በሩ ግን ሌላ ነው።

የበሩን ነገር ስሙኝማ። በያጁ ልኬት ሊወስድ መጥቶ «መኪና አለዎት?» ሲል ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ በአገራችን «ተስፋ ቆርጠዋል ወይ?» ማለት ነው። መኪና የለኝምና ጠበብ አድርገህ ሥራልኝ ያለ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም። አገሩ ሙሉ ለመኪና በሚበቃ በር በእግሩ ይገባል። «ይመጣል» አልሁት። «እንግዲያው ሰፋ እናድርገዋ!» አለና የእህል ጭነት የሚያስገባ የላሜራ በር ገጥሞልኝ ሄደ። በአንደኛው ክንፍ ላይ ለሰው የምትሆን ትንሽ በር አወጣለት። በትልቁ ተስፋዬ፣ በትንሿ እኔ ልንገባ ተስማማን።

ዓመታት ሄዱ። ተስፋዬ ቀረ፤ እኔ በየማታው ጎንበስ ብዬ በትንሿ በር ስገባ ኖርሁ። ጎረቤቴ እትዬ ደብሬ የትልቁን በር ሥራ መፍታት ተመለከቱና ላማቸውን ያስሩበት ጀመር። እትዬ ደብሬ የቁሐር ሚካኤል ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ወደ ከተማው ጫፍ ቢገቡም ላማቸውን ጥለው አልገቡም። ላሟ የፎገራ ላም ናት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሰፊ፣ ስትራመድ የሆነ ቢሮ ኃላፊ የምትመስል። ማታ ስመለስ ደጄ ላይ የሚጠብቀኝ ፍጡር እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ምሽት «እንደምን አመሸሽ» ብያት፣ የሰማኝ ሰው ይኖር እንደሆን ብዬ ግራና ቀኝ አየሁ። ማንም አልነበረም። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነብኝ።

መኪና ለመግዛት የቆረጥሁት ያን ጊዜ ነው። ነገሩን እንደ ባለሙያ አጠናሁት። ክላክስ በሚሰማበት ግቢ ሁሉ ከፋች አለ፤ ክላክስ በሌለበት ግቢ፣ ማለትም በእኔ ግቢ፣ ከፋች የለም። እንግዲህ ዝናብ ሲመጣ ሩዝ እንደሚመጣ፣ ክላክስ ሲመጣ ከፋች ይመጣል ማለት ነው። ጥናቱ ውስጥ ስሕተት ካያችሁ ለራሳችሁ ያዙት።

መኪናዋ አዲስ አበባ ተገኘች። ደላላው ፎቶዋን በስልክ ላከልኝ፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ከፊት ስትታይ የደነገጠች። ለማንም አልተነፈስሁም። ነገር ሳይጠና አይወራም፤ ዓይን ይገባዋል። እናንተም ብትሆኑ አትናገሩም፤ እኛ አገር ሰው ቤቱ ተሠርቶ ጣሪያው እስኪመታ ድረስ «አይ፣ ድንጋይ እያስቆለልሁ ነው» ሲል ነው የሚኖረው። ለቢሮ «የግል ጉዳይ» አልሁ፤ ለእትዬ ደብሬ ያንንም አላልሁ። መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ትንሿን በር ቆልፌ ወጣሁ። ላሟ አየችኝ። ላም ምሥጢር ታውቃለች።

ከባሕር ዳር በተነሣው አውቶቡስ ላይ ከሐሙሲት የመጡ ሴት አጠገቤ ተቀመጡ። አዲስ አበባ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ነው፤ ቅቤና ዶሮ ይዘዋል። መጀመሪያ «እርስዎ» አሉኝ፤ ዶሮዋን እግሬ ሥር ካስቀመጡ በኋላ «አንተ» ሆንሁ።

«አንተስ ወዴት ነህ ወንድም ዓለም? ሐኪም ቤት?»

«የለም።»

«እንግዲያ ፍርድ ቤት ነው፤ ፊትህ ያስታውቃል።»

የሰው ዓይን ከሐሙሲት ማዶ አይሻገርም ብዬ እውነቱን ነገርኋቸው። «መኪና ገዝቼ ላመጣ ነው።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! የስንት ሰው ናት?»

«የአምስት።»

«እናንተስ ስንት ናችሁ?»

«እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ አምስት ጣታቸውን ዘርግተው አንዱን አጠፉ። ከዚያም በእውነት የተጨነቁ ሆነው «ታዲያ አራቱን ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በጥናቴ አላካተትሁትም ነበር። እሳቸውም ዳቦ ቆሎ በእፍኝ አቀበሉኝና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ራሳቸው ትከሻዬ ላይ፣ ዶሮዋ እግሬ ላይ፣ ከኋላ ያለው ሰው ጉልበት ወገቤ ላይ ሆኖ ዓባይን ተሻገርን። ቀኑን ሙሉ ሲደገፉብኝ፣ ሲጫኑኝ፣ «እስቲ ይችን ያዝልኝ» ሲሉኝ ዋሉ። ከዚህ ሁሉ ልገላገል ነው መኪና የምገዛው አልሁ ለራሴ፤ ስለው ግን አፌ አልሞላም። አዲስ አበባ ስንደርስ አማቻቸው ጠብቆ ወሰዳቸው። ዞር ብላ ያየችኝ ዶሮዋ ናት።

ሻጩ ጡረታ የወጡ ደግ ሰው ናቸው። በዚያችው በመኪናዋ ከደላላው ተቀብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ደጃፋቸው ስንደርስ ምንም ሳይመስላቸው «ጢጥ» አደረጉ። ሸርተት ሸርተት፤ ቀጭ፤ ባለቤታቸው ሊጥ የነካ እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው በክርናቸው በሩን ገፉት። ሌላው ገዢ ሞተር ያስነሣል፣ ጎማ ይረግጣል፣ ከሥር ገብቶ ዘይት ያሸታል።

«እባክዎን አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልሁ እኔ።

«ምኑን?»

«ክላክሱን።»

ደገሙት። ባለቤታቸው ተመልሰው ብቅ አሉ። «አሁን ደግሞ ምን ሆንህ አንተ ሰውዬ? ገብተህ የለም እንዴ!» አሏቸው። እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ! ገዛኋት።

በማግስቱ ሊብሬው፣ መለዋወጫ ጎማው፣ ክሪኩ በየተራ ተቆጥረው ተሰጡኝ። «ለቤተሰብ ነው?» አሉኝ ሻጩ። «አዎ» አልሁ፤ ለምን ላሳዝናቸው። ሴትዮዋ በሩን ከፈቱልኝና «በደህና ያግባዎ» ብለው መረቁኝ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመዋል። ያን ጊዜ የገባኝን ልንገራችሁ፤ ክላክሱ ከመኪናው ጋር ተሸጧል፣ የሚከፍቱት ግን ከውሉ ውጭ ናቸው።

ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላሉ። እኔን ቀደሙኝ። መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ጀምሮ የነዳሁት በሐሳቤ ብቻ ስለነበር፣ የዓባይን በረሃ በአንደኛ ማርሽ ወርጄ በአንደኛ ማርሽ ወጣሁ። ደብረ ማርቆስ አድሬ ጧት ትልቅ ድፎ ዳቦ ገዛሁ። መኪና ሲገባ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለህ» ሊል ይመጣል፤ የመጣ ሰው ደግሞ ባዶ አፉን አይመለስም። ማን እንደሚመጣ አላሰብሁም፤ ዳቦው ግን ወግ ነው።

ዳቦውን ጋቢና አስቀምጬ ተነሣሁ። ጢን ጢን ጢን! ቆምሁ፤ ዝም አለች። ተነሣሁ፤ ጢን ጢን ጢን! ሞተሯ ተበላሸ ብዬ ላብ ሲያጠምቀኝ ቆይቼ ነው የገባኝ። ዳቦው ከባድ ነውና መኪናዋ ሰው መስሏታል፤ ቀበቶ ይሰር ነው የምትለው። አሰርሁለት። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለች። በዚህች ዓለም ላይ ከእኔ ጋር አንድ ሰው አለ ብላ ያመነች ፍጥረት እሷ ናት፤ ምን ብዬ ላስተባብላት? ዳንግላ አካባቢ «እዚህ ጋ ቀስ ልበል፣ ጉድጓድ አለ» ብዬ ለዳቦው ስነግረው ራሴን ያዝሁት።

ሐሙሲትን አልፌ የፎገራ ሜዳ ሲከፈትልኝ ፀሐይ ወደ ጣና እያዘቀዘቀች ነበር። የክረምቱ ውሃ ገና አልሸሸም፤ ሩዙ እስከ ዓይን ጥግ አረንጓዴ ነው፣ ሳቢሳ ወፎቹ በየከብቱ ጀርባ ነጭ ነጭ ብለዋል። ወረታን በዝግታ አቋረጥሁ፤ እንዲያዩኝ። ማንም አላየኝም። ሰው መኪናዋን ያያል፣ የውስጡን ሰው አያይም። ከዓይን ስሸሽ ከርሜ ዓይን ለመንሁ፤ ማን ሊሰጠኝ!

ደጄ ደረስሁ። ላሟ በሩ ላይ ታስራለች። መሪውን ያዝሁ፤ ፊቴን በመስታወት አየሁ፤ «ጢጥ»።

ጸጥ።

ውስጥ ማንም እንደሌለ ቁልፉን ኪሴ የያዝሁት እኔ እያወቅሁ ምን እንደምጠብቅ አትጠይቁኝ። ደገምሁት። «እምቧ!» አለች ላሟ። ሦስተኛውን ስነፋ እትዬ ደብሬ ዱላ ይዘው ወጡ።

«ማነህ አንተ! እርጉዝ ላሜን ልታስወርዳት ነው? ምን ያስጮህሃል? እዚያ ቤት ሰው የለም!»

ሰው የለም። ይህን ነገር ለብዙ ዘመን ስጠረጥረው ኖሬያለሁ፤ በምስክር የተረጋገጠው ግን ያን ዕለት ነው።

ወረድሁ። «እኔ ነኝ እትዬ ደብሬ።»

ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። «በስመ አብ! አንተ ነህ? ቁመህ ትሄዳለህ?»

«ምነው?»

«ምነው ይላል ደግሞ! ይህን በር ስንደበድብ አይደል የከረምነ! ማታ መብራትህ የለ፣ ጧት ሳልህ የለ። ሙቶ እንደሆነስ ብየ መንደሩን ሰበሰብሁ። ‹ባለሙያው ክፈት! ኧረ ክፈት!› ስንል ማን ይክፈት? ኋላ አያ ሙጬ በስተእርጅና አጥር ዘለው ገቡ። አንተ የለህ፤ እሳቸው ወገባቸውን ይዘው ተኝተዋል!»

ያ ሁሉ ሰው ከውጭ ቆሞ «ክፈት» ሲለኝ ሰንብቷል፤ እኔ ከፋች ፍለጋ አዲስ አበባ ነበርሁ። ጧት ጧት እንደምስልም ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።

ጩኸቱን ሰምቶ ሰው ተሰበሰበ። እትዬ ደብሬ መኪናዋን ዞረው አዩ፣ ጋቢና ቀበቶ የታሰረውን ዳቦ አዩ፣ እኔን አዩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ መኪናውን የደበቀስ ምን የለውም?» አሉኝ።

«በር ከፋች» አልሁ።

ሳቁብኝ። ከዚያ ላሟን ፈቱና ሁሉም ትከሻውን ለበሩ ሰጠ። በሩ ንቅንቅ አላለም። የዓመታት ጎርፍ ያመጣው ደለል ሥሩን ቀብሮታል፤ ትልቁ በር ከተሠራ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅማ። ዳቦው በኮፈኗ ላይ ተቆረሰ። መኪናዋ ከላሟ ጋር ውጭ አደረች።

በማግስቱ በሩ በአካፋ ከመቆፈሩ በፊት የመጀመሪያ ሥራዋን ሠራች፤ አያ ሙጬን ይፋግ ወጌሻ ዘንድ ወሰደች። እየቃተቱ ጋቢና ሲቀመጡ ጢን ጢን ጢን አለች። «ምን ትለኛለች?» አሉ። «ሰው አለ ነው የምትለው» አልኋቸው። በዚህ ጊዜ እውነቷን ነበር። ከኋላ ደግሞ «እኛም እንጠይቅ» ያሉ ሦስት ሰዎች ተጭነዋል፤ የሐሙሲቷ ሴት ቢያዩ ጥያቄያቸውን ይተዉት ነበር።

አሁን ማታ ማታ ደጄ ስደርስ ያችን «ጢጥ» አደርጋታለሁ። ላሟ «እምቧ» ትላለች። እትዬ ደብሬ ከጓሯቸው ሆነው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ወርደህ ክፈት! እግርህን ሸጠህ ነው የገዛሃት?» ይሉኛል። ወርጄ እከፍታለሁ።

ጧት ጧት ግን፣ ባያመኝም፣ ጮክ ብዬ እስላለሁ።