ጆሴፊን ከሚሴ ሽምግልና የተቀመጠች ዕለት

በየከተማው አንድ ታሪክ ብቻ ያለው ሰው አይጠፋም። ስለ ዝናብ ብትጠይቁት፣ የጥርስ ሕመም ብታማክሩት፣ ዞሮ ዞሮ እዚያችው ታሪኩ ላይ ያደርሳችኋል። የከሚሴው ሰው የታሪክ መምህሩ ጋሽ በላይ ናቸው፤ ክቡርነታቸው፣ በፈረንሳይ ጉዳይ ባለሙሉ ሥልጣናችን። ታሪካቸውም የናፖሊዮን ሚስት የነበረችው የንግሥት ጆሴፊን ሕይወትና ትዳር ነው።

«በቅደም ተከተል እንሂድ!» ይላሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። ይህን የሰማ ብልህ ሰው ማምለጫውን ይፈልጋል። ጨፋ ሮቢት ገበያ ዋጋ ጠይቀው ያቆሙት ገበሬ፣ ጆሴፊን ከተወለደችበት ደሴት ገና መርከብ ሳትሳፈር ፍየሉ ወለደችበት ይባላል። ወደ ባቲ በሚሄድ አውቶቡስ አጠገባቸው የተቀመጠች ነጋዴ ደግሞ፣ የጆሴፊን የመጀመሪያ ባል በአብዮቱ አንገቱ ሲቀላ አልቅሳ፣ ናፖሊዮን ሲመጣ ተኝታ፣ ዘውድ ሲጫን ነቅታ፣ ልክ ፍቺው ላይ ሲደርሱ «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደች። ባቲ ገና ሩቅ ነበር።

ሁሉም ፍቺው ላይ ነው የሚወርደው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ የሰማ ሰው ከሚሴ ውስጥ አልነበረም።

ሱዓድም አልሰማችም። ለዚህ ነው በ1999 ዓ.ም. በትዳሯ ላይ ሽማግሌ የተቀመጠ ዕለት፣ ጋሽ በላይ በግቢው በር ሲገቡ ስታያቸው ቤት ገብታ በሩን የዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዓድ የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት፣ ልጇን ዓፊያን ይዛ አደምን አገባች። ከእሱ ግን ዓመታት አልፈው ልጅ አልመጣም። የአደም እናት እመት ፋጡሜ «የልጅ ልጅ ሳላይ ልሙት? ይፍታት!» አሉ። አደም እናቱን እምቢ አላለ፣ ሚስቱን ሂጂ አላለ፤ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ሼህ አብዱልጀባር ሽማግሌ ሰብስበው በነሱዓድ ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጎረቤት ናቸውና ጋሽ በላይም ተጠሩ።

«እሳቸውን ማን ጠራብኝ?» አለች ሱዓድ፣ በበሩ ስንጥቅ እያየች። «አልወለደችም ብሎ ሚስቱን የፈታ ንጉሥ ታሪክ ሊያወሩ እኮ ነው! ያ ራቢ፣ ዛሬን ብቻ ድምፃቸውን ዝጋልኝ!»

«ምናልባት ስለ ማሽላ ያወሩ ይሆናል» አለቻት ጎረቤቷ ዘይና። ራሷም አላመነችውም።

የጋሽ በላይ ተራ ደረሰ። ሼሁ መረቋቸው። በሼህ አብዱልጀባር ሽምግልና ደግሞ ተመርቆ የተጀመረ ንግግር ሳያልቅ ማንም ተነስቶ አይሄድም። ጋሽ በላይ እንዲህ ያለ ጉባኤ በሕይወታቸው አግኝተው አያውቁም። ፊታቸው በራ።

«በቅደም ተከተል እንሂድ!»

ሄዱ። ደሴቲቱን፣ የሸንኮራውን እርሻ፣ በአብዮቱ የታሰረችበትን እስር ቤት አንድ በአንድ አስረዱ። «ናፖሊዮንን ስታገባ የሁለት ልጆች እናት ነበረች፤ ልብ በሉልኝ! ዘውድ ጫነላት። ልጅ ግን አልወለደችለትም። እናም እያለቀሰ ፈታት።»

እመት ፋጡሜ ብድግ አሉ። «ሰማህ አደም? ንጉሥ እንኳ ፈቷል! በሉ ሼሁ፣ ዱዓ አድርጉና እንነሳ!»

«ፋጡሜ፣ ተቀመጪ። ንግግሩ አላለቀም» አሉ ሼሁ።

«ከዚህ ወዲያ ምን ቀረው?»

«ዋናው!» አሉ ጋሽ በላይ፤ ከመቀመጫቸው ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው። «ሌላ አገባ። ወንድ ልጅ ተወለደለት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እመት ፋጡሜ።

«ከዚያ በጦርነት ተሸነፈ። አዲሲቱ ሚስት ልጁን ይዛ አባቷ አገር ገባች፤ ዳግም የባሏን ዓይን አላየችም። ልጁም ዙፋን ላይ ሳይቀመጥ በወጣትነቱ ሞተ። ኋላ የነገሠው ማን ይመስላችኋል? የጆሴፊን የልጅ ልጅ! ያቺ ከመጀመሪያ ባሏ ወልዳ ይዛት የገባችው ሴት ልጇ የወለደችው!»

ከበሩ ጀርባ ሱዓድ ሳይታወቃት ዓፊያን ስባ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት።

«የተፈታችዋስ?» አሉ እመት ፋጡሜ፣ ቀስ ብለው እየተቀመጡ።

«ሞተች። እሱ መርዶዋን የሰማው በግዞት ደሴት ሆኖ ነው። በሩን ዘግቶ ሰው አላይም አለ።»

«አይ ሞኝ!» እመት ፋጡሜ የሻሻቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ጫኑ። «በሕይወት ሳለች ነበር እንጂ! እናቱስ የት ነበረች? ዝም ብላ አየችው?»

ጋሽ በላይ አፋቸውን ከፈቱ። የናፖሊዮን እናት ጆሴፊንን ጨርሶ እንደማትወዳት አሳምረው ያውቃሉ። ከታሪካቸው አንዲት ነጥብ ዘለው የማያውቁት ሰው፣ አንድ ጊዜ ወደ በሩ ስንጥቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ እመት ፋጡሜ አዩና ዘለሉ። እኛ ከሚሴዎች እኚህን ሰው የወደድናቸው ያኔ ነው።

«እናቱ ሩቅ ነበረች» አሉ። «አልሰማችም።»

እመት ፋጡሜ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እኔ ግን ቅርብ ነኝ። አንተ፣ ምን ይጎልትሃል? ሚስትህን ጥራት!»