ማሽኑን ዝናብ እንዳይመታው

እኛ ሰዎች ለዕቃ አንጀታችን አይችልም። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ቴሌቪዥን ገዝቶ ዳንቴል ሳያለብስ የሚያድር ቤት በሰፈራችን የለም። ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁጥሩ ሳይነካ ያረጃል፤ ሶፋው ከነላስቲኩ ዓመታት ይቀመጣል፣ እንግዳ ቁጭ ባለና በተነሣ ቁጥር ጯ ጯ እያለ። ፍሪጁማ ጨርቅ ደርቦ፣ ከጨርቁ በላይ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ፣ ሙሽራ መስሎ ይቆማል። አትታዘቡኝ፣ እኔም ቤት እንዲሁ ነው። ዕቃ አይበርደው፣ አይሞቀው፣ እኛ ግን እንሳሳለታለን፤ ይህ ደግነት አንድ ቀን ሊገድለን እንደሚችል ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ማሰብስ አስባለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነው። በቁሜ የማልም ሰው ነኝ። ዲላ እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን፣ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ ዞሬ እዚያው የምቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ተማሪዎቼ ቀስ ብለው «ቲቸር ሄደ» ይባባላሉ፤ ስመለስ ደግሞ ደህና መጡ የሚሉ ይመስላሉ።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ሸምሱ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ከዲላ በላይ ባለችው ደጋ ከተማ፣ ገደብ ላይ ሱቅ ከፍተው ነበር፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ሱቁንም እናቱንም የያዘው እሱ ነው። እናቱ እማማ ዘይነባ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። የገደብን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭጋጉ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። «ዲላ እንውረድ፣ እዚያ ሞቃት ነው» ቢላቸው፣ «አባትህን ብቻውን ለጭጋግ ትቼ የት ልወርድ?» አሉት። የባላቸው መቃብር ገደብ ነው።

እሳቸው ወደ ሙቀቱ ካልወረዱ ሙቀቱ ወደ እሳቸው ይውጣ ብሎ፣ ሸምሱ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ግራጫ የብረት ሳጥን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ማሞቂያም ማቀዝቀዣም በአንድ ላይ ነው፤ በቡታጋዝ ያሞቃል፣ በመብራት ያቀዘቅዛል። ለገደብ ማቀዝቀዣ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር አልኩ በሆዴ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ከዲላ ተጠራሁ፤ ለመግጠሙ ደግሞ ዲላ አጠገብ ካለችው ጪጩ ቴክኒሻኑ በረከት መጣ።

በረከት ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። መዝሙር በአፍንጫው እያንጎራጎረ፣ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውጭ የሲሚንቶ መደብ ሠራ፤ ውሃ ልኩን አስቀምጦ አረፋዋ መሀል እስክትቆም ታገሠ። መብራቱ ቢያፈስ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ቀበረ። ሲሊንደሩን ከመስኮት አርቆ ደጅ አቆመ። የጋዙን ቧንቧ መጋጠሚያ ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀብቶ፣ አረፋው ያብጥ እንደሆነ ዐይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። «ክብሪት ጭረው የሚፈትሹም አሉ» አልኩት። «ነበሩ፣ ጋሼ» አለኝ።

እኔም እያነበብኩ እተረጉማለሁ። ማሽኑ ከቤት ውጭ ይቁም፤ በዙሪያው ክፍት ቦታ ይተውለት፤ የሚተነፍስበት እንዳይከደን። በረከት መፍቻውን አስቀመጠና፣ «እቺን ይድገሟት» አለኝ። ደገምኳት። እሱም በጣቱ እያሳየ፣ «በዚህ በኩል ንጹሕ አየር ስቦ ወደ ቤት ያስገባል፤ በዚያ በኩል የተቃጠለውን ያስወጣል። የተቃጠለው ሽታ የለውም፤ እንደ ከሰል ነው። ሁለቱ እንዳይገናኙ! መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሳቱም ራሱ ስለሚጠፋ አትደንግጡ።» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ራስ መነቅነቅ መቼ ያስቸግረናል?

በሳምንቱ ሸምሱ ጠርቶኝ ወጣሁ። ቤቱ ሞቋል፤ እማማ ዘይነባ ያለ ምርኩዝ ከመኝታቸው እስከ መስኮቱ ሄደው ቆመዋል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከእንሰቱ ቅጠል እየተንከባለለ። ማሽኑ መደቡ ላይ ቆሞ ይረጥባል፣ ያጉረመርማል። እሳቸው አዩት አዩትና፣ «እኛን እያሞቀ እሱ ደጅ ዝናብ ይመታው? ግፍ አይደለም?» አሉ። «እኛ አገር ላም እንኳ እቤት ነው የምታድረው፤ እሷም እኛን ታሞቃለች፣ እኛም እሷን።»

አያችሁ፣ መመሪያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «አይሆንም፣ እማማ» ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ግን እኔም በመስኮቱ አየሁት፤ ያ ግራጫ ሳጥን በጭጋጉ ውስጥ፣ ከሰው ቤት እንዳይገባ የተከለከለ እንግዳ መስሎ ታየኝና፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዐይኔ እንባ አቀረረ።

በነጋታው ጠዋት ሸምሱ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ አወጣ። ጎረቤት መጣ፤ አገሩ እንደሆነ ለቤት ሥራ አይለመንም። በማሽኑ ዙሪያ ግድግዳው ቆመ፣ ጣራው ተመታ፣ ቀዳዳው ሁሉ በኮባ ተወተፈ። በርም ገጠምንለት፤ ሌባ ይነካዋል ብለን ቁልፍ ጨመርን። ምስማር አቀባዩ ማን ነበር? እኔ ነኛ!

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ተመለሰ። በሩንም መስኮቱንም ዘግተን ሦስታችን ተቀመጥን። ሙቀቱ እንደ ማር ወረደ። እማማ ዘይነባ ፍራሻቸው ላይ ጋደም ብለው፣ «ጉልበቴን ረሳሁት» አሉና ፈገግ እንዳሉ ዐይናቸውን ከደኑ። ራሴን ሻሽ እንዳሰሩበት ጠበቅ አደረገኝ፤ ግን አላስከፋኝም። የቡናው አገር ወርቃ ያለሁ መሰለኝ፣ ቡናው ሁሉ አብቦ ነጭ ሆኖ። በአበባው ሥር ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም። የድሮ ተማሪዎቼ በየቡናው ጥላ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እጃቸውን አንሥተዋል፣ ማንም ግን ምንም አይጠይቅም። የሸምሱ የሻይ ብርጭቆ ጭኑ ላይ ቀስ ብሎ ሲገለበጥ አየሁ። ሻዩ ፈሰሰ። ሸምሱ አልተነሣም፣ እኔም አልገረመኝም።

ከዚያ ማጉረምረሙ ቆመ። መብራት ጠፋ።

በዚህ አገር የኖረ እግር መብራት ሲጠፋ ጌታውን አያማክርም። አእምሮዬ ወርቃ እንደቀረ፣ እግሬ በልማዱ መስኮት ለመክፈት ተነሣና ወደቀ። ዳዴ እያልኩ ደረስኩ፤ መስኮቱን ገፋሁት። ያ የገደብ ብርድ ፊቴን በጥፊ ሲለኝ ነው «እንደ ከሰል ነው» ያለው የበረከት ድምፅ የተሰማኝ። «ሸምሱ!» ብዬ ጮኽኩ። ሸምሱ እያስመለሰው ነቃ። እማማ ዘይነባ ግን አልነቁም።

እንዲያ ያለ ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝም። ከነፍራሻቸው ጎትተን ደጅ አወጣናቸው፣ ከዝናቡ መሀል። ሸምሱ «እማ! እማ!» ይላል፣ እንደ ሕፃን። እኔ እጃቸውን ይዤ ያችን የደገምኳትን ገጽ በሆዴ እደግማታለሁ፤ አሁን ትጠቅም ይመስል። ዝናቡ ግንባራቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ አሳላቸው፤ ዐይናቸውን ገለጡ። ዝናቡን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ ዞር ብለው ቁልፍ የተቆለፈባትን ቆርቆሮ ቤት አዩ።

«ለማሽኑ ቤት ሠርታችሁ» አሉ በቀጭን ድምፅ፣ «እኔን ደጅ ጣላችሁኝ?»

ሸምሱ እየሳቀ አለቀሰ። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ሰጧቸው፣ ለኛም ደረሰን፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ። በረከት መጣና ያችን ቤት ብቻውን አፈረሳት፣ ያለ መዝሙር። ሲጨርስ፣ «ጋሼ፣ እቺን ገጽ አላነበቡላቸውም ነበር?» አለኝ። «ሁለት ጊዜ» አልኩት።

መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ያማርራል፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ለማማረር አፌ አይደፍርም። ማሽኑም ዛሬ ድረስ ደጅ ነው፣ ይረጥባል። ዝናብ ሲመጣ እማማ ዘይነባ እንዳያዩት መጋረጃውን ይስባሉ። መስኮቱን ግን ገርበብ አድርገው ይተዉታል። ሸምሱ «ሙቀቱ ይወጣል እኮ፣ እማ» ሲላቸው፣ «ይውጣ» ይሉታል፣ «እሱንም ትንሽ ይሙቀው።»