እሳት ያልነካው ቸኮሌት

(ወጥ ቤት። የበዓል እንግዶች ሊደርሱ ነው። ኤሌክትሪሽያኑ ሽርጥ ታጥቆ እስከ ክርኑ ቸኮሌት ተለቅልቋል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ግማሽ አካሉን ፍሪጅ ውስጥ ከቷል። መስኮቱ ላይ የጌጥ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ።)

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ዝጋው አልኩህ! ቅዝቃዜውን ሁሉ አስወጣኸው እኮ!

ወንድምየው፦ የምን ቅዝቃዜ ጋሼ?

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ይኸው፣ ጨርሰኸዋላ! የማይጋገር ጣፋጭ ምን ይፈልጋል ብዬህ ነበር?

ወንድምየው፦ የተፈጨ ብስኩት፣ ቅቤ፣ ካካዋ፣ የቆርቆሮ ወተት...

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ትዕግሥት! ድቡልቡል አርገህ ከከተትከው በኋላ ሥራው የፍሪጁ ነው።

ወንድምየው፦ ድቡልቡሎቹ ግን ተኝተዋል።

ኤሌክትሪሽያኑ፦ እያረፉ ነው።

ወንድምየው፦ ተቃቅፈው?

ኤሌክትሪሽያኑ፦ አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እናትህ ፊት ልታዋርደኝ ነው? አምና ኬኩ አሮ ጎረቤት እሳት አደጋ ከጠራብኝ ወዲህ «ልጄን ለከሰል ነጋዴ ሰጠኋት» እያሉ መሳቂያ አድርገውኛል። ዘንድሮም ካበላሸሁ አለቀልኝ፤ እዚህ ቤት ሻይ እንኳ አላፈላም!

ወንድምየው፦ እህቴ ምድጃ እንዳትነካ ያስማለችህ ለዚያ ነው?

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ማንም አላስማለኝም! ራሴ ነኝ የማልኩት!

ወንድምየው፦ (ደግሞ ይከፍታል) ጋሼ፣ ውስጡ ጨለማ ነው።

ኤሌክትሪሽያኑ፦ የፍሪጅ መብራት በሩ ሲዘጋ ይጠፋል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

ወንድምየው፦ አሁን እኮ ክፍት ነው።

ኤሌክትሪሽያኑ፦ እ... አምፖሉ ተቃጥሎ ነዋ።

ወንድምየው፦ ድምፁም የለም። ድሮ እንደ አጎቴ ያንኮራፋ ነበር።

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ስላስተካከልኩት ነው! እኔ የነካሁት ዕቃ ጸጥ ይላል።

ወንድምየው፦ እሱስ እውነትህን ነው። የእማዬን ሬዲዮ ከነካኸው ጀምሮ ትንፍሽ አላለም።

ኤሌክትሪሽያኑ፦ በኤሌክትሪክ አትምጣብኝ! ጠዋት ሶኬት ስትነካ እጅህን ባልመታሁህ ኖሮ እንደ ዶሮ ተጠብሰህ ነበር። ሶኬት የባለሙያ ሥራ ነው። ገባህ?

ወንድምየው፦ ገብቶኛል። ሁለተኛ አልነካም።

(ውጪ የመኪና በር ይዘጋል። የሚስቱ እናት ሳቅ ይሰማል።)

ኤሌክትሪሽያኑ፦ መጡ! ትሪውን አውጣ!

(ትሪው ይወጣል። ቸኮሌቱ በጠርዙ እየፈሰሰ የወንድምየው ጫማ ላይ ይንጠባጠባል።)

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ምን... ምን አደረግከው?

ወንድምየው፦ ያዝኩት።

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ጉድ ፈላ! ሾርባ ሆነ እኮ! ብርጭቆ አምጣ፤ የሚጠጣ ነው እንላለን።

ወንድምየው፦ አይዞህ ጋሼ። እማዬ መጀመሪያ የምታየው የመስኮቱን መብራት ነው። ደግሞ ሲያምር! የት ሰካኸው?

ኤሌክትሪሽያኑ፦ (ደረቱን ነፍቶ) ከፍሪጁ ጀርባ። እዚህ ክፍል ያለው ሶኬት እሱ ብቻ ነው፤ ለባለሙያ ግን አንድ ይበቃዋል።

ወንድምየው፦ ታዲያ ፍሪጁ የት ተሰካ?

(መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።)

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ጠዋት... ልትሰካ የነበረው...

ወንድምየው፦ የፍሪጁን ገመድ ነዋ። መሬት ወድቆ አግኝቼው።

(በሩ ይንኳኳል።)

ኤሌክትሪሽያኑ፦ የኔ ወንድም፣ በእናትህ፣ ለእናትህ እንዳትነግር! ባለሙያ ነው ብለው ነው ልጃቸውን የሰጡኝ! እኔ በር ላይ ላቆያቸው፣ አንተ ቶሎ ፍሪጁን ሰካው!

ወንድምየው፦ (እጆቹን ከኋላው ደብቆ) ኧረ እኔ የለሁበትም! ሶኬት የባለሙያ ሥራ ነው። ኤሌክትሪሽያን ልጥራልህ?