ሞጣ ላይ ለሮዛ የተተከለው ድንኳን

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ነገር ሊነገር የሚገባው አይደለም። የሰው ሐዘን አለበት፤ የእድር ክብር አለበት፤ የአንዲት የተከበሩ ሴት ስም አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ ራሴ አለሁበት። ዝም ብል በወደድኩ። አባቶቻችንም «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል። እርግጥ ነው አይነቅዝም፤ ግን ሆድ ይነፋል።

ብድር ስንል እናንተም እንደምታውቁት ብር ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ሰው ጤፍ ይበደራል፣ በሬ ይበደራል፣ እንባም ይበደራል። እናትህ ስትሞት መጥቶ ያለቀሰልህ ሰው አበድሮሃል፤ የእሱ እናት ስትሞት ካልደረስክ ብድር በላ ነህ። ይህኛው ብድር ውል የለውም፣ ወለድ የለውም፣ ይርጋም የለውም። እኔ ቢቸና ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ ይህን ያህል ሕግ ባውቅ አይፈረድብኝም።

የአክስቴ ልጅ እትዬ ጥሩወርቅ የሚኖሩት ሞጣ ነው። ጧፍ ይሠራሉ። ሰም አቅልጠው፣ የጥጥ ፈትል ነክረው፣ እያሹና እያቃኑ የሚያወጡት ጧፍ ከሞጣ አልፎ መርጡለ ማርያም ድረስ ይሄዳል። ካህናቱ «የጥሩወርቅ ጧፍ አያንጠባጥብም» ብለው ይመሰክራሉ። ሰሙ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠፋ። የባሕር ዳር ነጋዴዎች በጅምላ እየጠረጉ ይጭኑት ጀመር፤ እትዬም በእጃቸው ባለው ገንዘብ የሚገዙት ለአንድ ወር እንኳ አልበቃ አለ።

በዚህ መሀል አንዲት የድርጅት ሠራተኛ ስልኳን ይዛ መጣች። በውጭ አገር ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት የእትዬን ፎቶና ታሪክ አይተው ትንሽ ትንሽ እያዋጡ እንደሚያበድሯቸው፣ እሳቸውም ሠርተው ቀስ እያሉ እንደሚመልሱ አስረዳቻቸው። እትዬ ስለ ወለድ አልጠየቁም።

«ዋሴ ማን ነው?»

«ዋስ አያስፈልግም፣ እትዬ።»

«የማያውቀኝ ሰው፣ ያለ ዋስ፣ ፊቴን ብቻ አይቶ?»

«አዎ።»

«ጤነኞች ናቸው?»

እኔም ይህንን ስሰማ ደንግጫለሁ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለተበዳሪው ነው። ሳይቸግረው ለሚያበድር ሰው ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ የተረተ የለም።

ልጅቱ ፎቶ ልታነሣ ስትል እትዬን በሥራ ልብሳቸው፣ ከሰም መቅለጫው አጠገብ፣ ትንሽ ከፋ ብሏቸው ነበር የፈለገቻቸው። እትዬ ጓዳ ገብተው ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የአንገት ወርቃቸውን አጥልቀው ወጡ። «ፎቶ ሊነሣ አዳፋ የሚለብስ የማን ዘመድ ነው?» አሉ። እናም የውጭ አገር ሰዎች እንደ ሙሽራ እናት ያጌጡ ወይዘሮ ብድር ሲጠይቁ አዩ። አበደሩም። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ቢያስደነግጣችሁ እኔን አትውቀሱኝ።

ብሩ እንደደረሰ እትዬ እኔን ከቢቸና አስጠሩኝ። ከአበዳሪዎቹ አብዛኞቹ ስማቸውን ብቻ አስቀምጠዋል፤ ሄንሪክ የሚባል አንዱ ግን መልእክት ጽፎ ኖሮ የሚያነብላቸው ፈልገው ነው። ቢቸና ውስጥ እንግሊዝኛ ያውቃል እየተባለ የሚታማው ሰው እኔ ነኝ። ሐሜቱን አስተባብዬ አላውቅም።

ግቢያቸው ስደርስ ጎረቤታቸው የሺ አለች፤ ምላሷ ከምላጭ የሰላ ሴት ናት። የእድሩ ዳኛ አያ ደምሴም አሉ። የእትዬን ስልክ ተቀብዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እየተረጎምኩ አነበብኩ።

«ይህ ብድር ለሮዛ መታሰቢያ ይሁንልኝ። አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ኖርን። ስወጣ እስከ በር ትሸኘኛለች፤ ስመለስ እየሮጠች ትቀበለኛለች። አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። ማታ ማታ ከእግሬ ሥር አትጠፋም ነበር። ካለፈች ወዲህ ቤቴ ጭር ብሏል።»

እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አያ ደምሴ ግን ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ መርዶ በቀትር ይነገራል?»

እውነታቸውን ነው። መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ተዘጋጅቶ። ስለዚህ ነገሩ እንዳልተባለ ተደረገ። በጆሯቸው የሰሙት እትዬ ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ራታቸውን በልተው ተኙ፤ ጎሕ ሲቀድ በር ቆርቁረን «የአበዳሪዎ ሚስት አረፈች» አልናቸው። የዛኔ እሪ አሉ። «ለቀባሪ አረዱት» ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ የተናገሩት ነገር ነው ጭንቅ ያመጣው።

«ይኼ የሐዘንተኛ ብር ነው። ሐዘኑን ሳልደርስ አንዲት ሳንቲም ብነካ እጄ ይቆረጥ!»

«እትዬ፣ የሰሙ ነጋዴ እኮ የሚጠብቅዎ እስከ ቅዳሜ ነው» አልኳቸው። እውነትም ነጋዴው ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ከቅዳሜ ካለፈ ጭነቱ ወደ ባሕር ዳር ነው። ሰሙ ካመለጠ ደግሞ እስከሚቀጥለው ማር ቆረጣ ድረስ እሳቸው ሥራ ፈት፣ ብድሩም እዳ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። «እግዜር ያጥናህ ብዬ ልጻፍለትና ይብቃን።»

«በጽሑፍ ይለቀሳል? ነገ እኔ ብሞት አንተም በስልክ ልታለቅስልኝ ነው?»

እትዬ ድንኳን ሊጠይቁ መሆኑ የገባቸው አያ ደምሴ ግን፣ በእድሩ ደንብ ድንኳን የሚወጣው ለአባልና ለአባል ዘመድ ብቻ መሆኑን አስታወቁ። እትዬ ቀና አሉ።

«አበዳሪ ከዘመድ ይበልጣል። ሰም ሲጠፋብኝ ከዘመዶቼ የትኛው አበደረኝ?»

እዚያ የነበርን ዘመዶች በሙሉ መሬት መሬት አየን። ድንኳኑ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት ሞጣ ለሮዛ ተቀመጠች። ንፍሮው ተቀቀለ፤ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። አስለቃሿ እኔን ጥግ ወስዳ ስለ ሟች ጠባይ ጠየቀችኝ፤ ያነበብኩትን ነገርኳት፤ ወዲያው እንዲህ ብላ አወረደችው፦

«ጧት ደጅ ምትሸኘው፣ ማታ ምትስመው፣
ከሮዛ ወዲያማ ቤት ምኑ ሊጥመው!»

ወንዶቹ ምርር ብለው አለቀሱ። አያ ደምሴ «እንዲህ ያለች ሚስት ድሮ ቀረች» ብለው ሚስታቸውን ያላዩ መስለው አዩዋቸው። የሺ ግን ንፍሮዋን እየቆረጠመች «አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳትቆጣ?» አለች። «ይህች ሴት አፍ አልነበራትም እንዴ?» የሴቶቹ ወገን በዚህ ላይ ረዘም ያለ ውይይት አደረገ፤ ልቅሶው ለጊዜው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ መንገድ መንገዱን እያዩ «የሟች ወገኖች ዘገዩ፤ ዓባይ ድልድይ ላይ መኪና ተበላሽቶባቸው ይሆን?» ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ መሀል አንድ ቡናማ ውሻ ሰተት ብሎ ድንኳኑ ገባና እግሬ ሥር ጋደም አለ። በጣም ደነገጥኩ። «በሰው ሐዘን ምን ጥልቅ አደረገህ!» ብዬ በድንጋይ አባረርኩት። ሁሉም ደግ አደረግክ አሉኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ማታ ላይ ነገሩ አለቀ ስንል የደብሩ መሪጌታ ተነሡ። «የክርስትና ስሟን አምጡ። መጠመቋንም እጠራጠራለሁ፤ ያለ ክርስትና ስም ጸሎት አላደርስም።» እትዬም ጸሎት ሳይደረስ ሐዘን ተደረሰ አይባልም ብለው ብሩ ያለበትን ሣጥናቸውን እንደቆለፉ ተቀመጡ። ዓርብ ዕለት ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጣሁ። ለሄንሪክ ድንኳን መትከላችንን፣ ማልቀሳችንን፣ አሁን የቀረን የክርስትና ስሟ ብቻ መሆኑን ጻፍኩለት።

ቅዳሜ ማለዳ መልሱ ከፎቶ ጋር መጣ።

ፎቶው ላይ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሥቃል። እግሩ ሥር ሮዛ አለች። ሮዛ ጆሮዋ ረዘም ያለ ነው። አንገቷ ላይ ቀይ ማሰሪያ አለ። ምላሷን አውጥታለች። ጅራት አላት።

ክው አልኩ። ስልኩን ገልብጬ አየሁት። ተገልብጣም ውሻ ናት።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «የክርስትና ስም አልነበራትም፤ ሮዛ ብቻ ነበረች። እውነት ድንኳን ተክላችሁ አለቀሳችሁላት? እኔ እዚህ ሳለቅስላት ጎረቤቶቼ ሌላ ግዛ አሉኝ። መሥሪያ ቤት ፈቃድ ብጠይቅ ሣቁብኝ። ቤቴ የመጣ ሰው የለም። አንድም።»

መጀመሪያ የደነገጥኩት በውሻይቱ ነበር። ቀጥዬ የደነገጥኩት በመጨረሻዋ ቃል ነው። የመጀመሪያው ድንጋጤ ቁርስ ሳልበላ ለቀቀኝ፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ግቢው ስገባ መሪጌታ ማዶ ተቀምጠዋል፤ የሺም ከአጥሩ ባሻገር አንገቷን አስግጋለች። እትዬ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ማንበብ አይችሉም፤ ፎቶ ግን ለሁሉም አንድ ነው። አዩት። ቆይተው ደግመው አዩት።

«ስሟ ማን ሆነ?» አሉ መሪጌታ ከማዶ።

እትዬ ስልኩን በነጠላቸው ሸፈኑት። «አልተጠመቀችም፣ የኔታ።»

«ብዬ ነበር!» አሉ መሪጌታ፤ እውነትም ብለው ነበር። መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ።

ጓዳ ገባን። «ምን ይላል?» አሉኝ ቀስ ብለው። አነበብኩላቸው።

«ሰው አልደረሰውም?»

«አንድም።»

እትዬ ይሥቃሉ ወይስ ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«እንግዲያ ደግ አደረግን። ልቅሶ የሚደረሰው ለሟች መሰለህ? ሟች ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ ያያል? ለቋሚው ነው።» ከዚያ ሣጥናቸውን ከፈቱ። «ይኼን ግን ትንፍሽ ብትል ወዮልህ! የሺ ከሰማች ሞጣ መኖሬ ቀረ።» ብሩን በመቀነታቸው ጠቅልለው በጥድፊያ ወጡ፤ ነጋዴው ጭነቱን በገመድ እያሰረ ሳለ ደረሱበት።

ጧፉ አሁን በደንብ ይሠራል፤ ብድሩም እየተመለሰ ነው። የብሩ ማለቴ ነው። የሌላው ነገር ተወሳስቧል። ቢቸና ስመለስ ወዳጆቼ ሐዘን ላይ ከርመህ ነው ብለው ተሰብስበው መጥተው አስተዛዘኑኝ፤ ስለዚህ አሁን በሮዛ ምክንያት የግማሽ ቢቸና ብድር አለብኝ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እኛ ደግሞ በበላንበት አለቀስን። ልዩነቱ ምን እንደሆነ እያሰብኩበት ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ሐሙስ ዕለት ሞጣ በሙሉ የሟችን ወገን እየጠበቀ መንገድ መንገድ ሲያይ፣ ከወገኗ የመጣው ያ ቡናማ ውሻ ብቻ ነበር፤ እሱንም በድንጋይ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በቀደም ሞጣ ስሄድ ገበያው ዳር ተኝቶ አገኘሁት። ግራ ቀኝ አየሁ። ባርኔጣዬን አነሣሁና «እግዜር ያጥናህ» አልኩት።

ቀና ስል የሺ የሽንኩርት ዘንቢሏን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች።

እንግዲህ አደራችሁን። ሞጣ ብትሄዱና የሺ የምትባል ሴት «ያ የቢቸናው ማመልከቻ ጸሐፊ ምን ነክቶት ነው?» ብላ ብትጠይቃችሁ፣ አታውቁኝም። እኔም ምንም አልነገርኳችሁም።