ጨፍኖ የወጣ ይጠፋል

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ፤ ደግ ሕልም ነው አልልም።

የልጅ ልጄን የመክሊትን እጅ ይዤ ከቤት ስወጣ ሰፈራችን የለም። ቤቶቹ፣ የውኃ ቦኖው፣ የዕድሩ ድንኳን ከነድስቱ ጠፍቷል። ባዶው ሜዳ ላይ የቆመች አንዲት በግ፣ «ሁሉም ተነስቶ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ገብቷል፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ሳይሞላ ድረሱ» አለችን።

ወዲያው ደሴ ፒያሳ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ነበርን። ሰዎቹ በፍሬም ሆነው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ፎቶዎቹ ደግሞ ወንበር ላይ ተደርድረው ክራባታቸውን ያስተካክላሉ። ፎቶ አንሺው ራሱ ጉርድ ፎቶ ነበር። ከደረቱ በታች ምንም የለውም። ጥፍር የምታህለውን ካርድ በጥርሱ ነክሷታል።

«እማማ፣ የቀረችው ትንሽ ቦታ ናት» አለኝ። «ዓይኑን ጨፍኖ የወጣ ይጠፋል።»

«ፎቶው ነው የሚጠፋው?»

«ኧረ ሰውየው። ፎቶውማ ምን በደለ?»

ከፊታችን የነበረው ረጅም ሰውዬ መብራቱ ብልጭ ሲል ጨፈነ። ጉርዱ ፎቶ ስክሪኑን አየት አድርጎ በአገጩ ቁልፍ ተጫነ። ሰውዬው ከነጃንጥላው ጠፋ። ፎቶዎቹ አጨበጨቡ።

«ደስ ሲል፤ ወዲያው እኮ ነው የሚታየው» ተባባሉ።

መክሊቴ ብልጭታ አትችልም፤ ገና ካሜራ ስታይ ነው የምትጨፍነው።

«ጌታዬ፣ እኔ በሰርጌ ፎቶ ጨፍኜ ነው የወጣሁት» አልኩት። «ፊልሙ እስኪታጠብ ስንት ጊዜ ጠብቀን፣ ጨፍኜ መጣሁ፣ ጨፍኜ ተሰቀልኩ። እስከ ዛሬ ማንም አላጠፋኝም።»

«የድሮ ነዋ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እኔን አጥፋና ለእሷ ቦታ ስጣት።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እርስዎን ባጠፋ ምን ቦታ ይለቀቃል? ጥቁርና ነጭ ነዎት።»

ካሜራው ወደ መክሊት ዞረ።

«እኔን እዪኝ የኔ ልጅ፣ እንዳትጨፍኚ።»

«እምዬ፣ ዓይኔ ተቃጠለ፤ አልቻልኩም።»

ሽፋሽፍቷ ሲርገበገብ አየሁ። ጉርዱ ፎቶ «አንድ፣ ሁለት» አለ። ዘልዬ የሁለቱንም ዓይኖቿን ቆብ ወደ ላይ ገልጬ ያዝኩ። እጄ ይቆረጣል እንጂ አልለቅም አልኩ።

ነቃሁ። አልጋችን ላይ ነን። መክሊት ከጎኔ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ጣቶቼ ዓይኖቿ ላይ ናቸው፤ እንባዋ በጆሮዋ ላይ ይወርዳል።

«እምዬ፣ ዓይኔን ልቀቂልኝ፤ ልተኛበት» አለችኝ።

አንዱን ለቀቅኩላት።